ለእያንዳንዱ ክንድ የራሱ ቆብ

ፈጣሪ ለሰው ልጅ ከሚያድላቸው ጸጋዎች መካከል ጎረቤት እምብዛም የማያመሰግንበት አንድ ጸጋ አለ፤ እርሱም እንቢ ማለት ነው። ይህ ጸጋ ለአንዲት ልብስ ሰፊ ተትረፍርፎ ስለ ተሰጣት የሰፈሩ ሰው ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ትቶ «እንቢኝ» ይላት ነበር። እርሷም ቅጽል ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀብላ፣ ሲጠሯት «አቤት» ትል ነበር።

አባቷ ሲያርፉ ለእርሷና ለታላቅ ወንድሟ አንድ ግቢና አንዲት አሮጌ መኪና ተዉላቸው። እንቢኝ የሰፋቻቸውን የተማሪ ልብሶች በዚያች መኪና እየጫነች ለየትምህርት ቤቱ ታደርስ ነበር፤ እንጀራዋ በአራት ጎማ ላይ የቆመ ነበር ማለት ይቻላል። ሞተሩ ሲንኳኳ ከርሞ አንድ ቀን ቀጥ አለ። ወንድሟም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መኪናዋን ዞረና ፈረደ።

«ይቺማ ሬሳ ናት። ቅዳሜ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው መጥቶ ይጫናታል።»

«እስከዚያ ከተነሣችስ?»

«ከተነሣችማ ውሰጃት! እኔም አጨበጭብልሻለሁ።»

«ጭብጨባው ይቅርብኝ ጋሼ። ቃልህን ብቻ አትብላት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ በዚያው ጸና።

እንቢኝ ያስጠራችው መካኒክ ሞተሩን ፈትቶ ያለቀውን ለወጠ፤ የቀረው መግጠም ብቻ ነበር። ታዲያ ጉዱ የተሰማው ያኔ ነው። ፒስተኖቹን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያያይዙ አራት ክንዶች አሉ፤ በሙያው ቋንቋ ቢዬላ ይባላሉ። እያንዳንዱ ክንድ ዘንጉን ከታች የሚያቅፍበት ግማሽ ክብ ቆብ አለው። መካኒኩ አራቱን ቆቦች በአንድ ባልዲ ጥሏቸው ኖሮ፣ ጋራዡን ሲያጸዳ ባልዲውን ከነሆዱ ለአሮጌ ዕቃ ሻጭ ሰጥቶታል። ጥፋቱን ሊሸፍን ከሌላ ሞተር ቆቦች አምጥቶ ገጠመ። ዘንጉ ግን ቢገፉትም ቢጎትቱትም አልዞር አለ።

«ቆብ ያው ቆብ ነው ብዬ ነበር» አለ ላቡን በክርኑ እየጠረገ። «አይደለም ለካ። ፋብሪካው ቆቡን ከክንዱ ጋር አስሮ ነው ቀዳዳውን አንድ ላይ የሚቦረቡረው። ከሌላው ጋር በጥቂቱ ይዛነፋል። እህቴ ልምከርሽ፣ ሌላ ሞተር ፈልጊ። የእነዚህ ቆብ እንደሆን ቁጥር የለው፣ ምልክት የለው። የጠፋ ልጅ በምን ይለያል?»

«በእናቱ» አለች። «ክንዶቹን ከነብሎናቸው ስጠኝ።»

አራቱን ክንዶች በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ሄደች።

አሮጌ ዕቃ ሻጩ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ከጥፍራቸው እስከ ሽበታቸው ዝገት ስለ ለበሱ «ዝገቴ» ይሏቸዋል። ከሸራ ጥላቸው ሥር ተቀምጠው የመካኒኩን ባልዲ የገለበጡበትን የአሮጌ ቆብ ክምር በእግራቸው ገፋ አደረጉላት።

«ልጄ፣ እዚህ ውስጥ የራስሽን ለይተሽ ካወጣሽ፣ ለእኔም የወጣትነት ጥርሴን ፈልጊልኝ።»

«ጥርስዎ ዝጎ ካልሆነ አላውቀውም አባባ።»

ዝገቴን ሳቅ አፍኖ አሳላቸው። እርሷ ግን ስመ እግዚአብሔር ጠርታ ተንበረከከች። አንዱን ቆብ አንሥታ ከአንዱ ክንድ ጋር ገጠመች፤ በብሎን አጠበቀች፤ ዓይኗን ጨፍና የአውራ ጣቷን ጥፍር በቀዳዳው ውስጥ በመገጣጠሚያው ላይ አሳለፈች። የኮት ገበር ስትመረምር እንዲሁ ታደርጋለች፤ ስፌቱ ዓይንን ቢያታልል ጥፍርን አያታልልም። ጥፍሯ ተደናቀፈ። ፈታችው፤ ሌላ አነሣች። እርሱም እንቢ አላት። እንቢታ ግን የእርሷ ቋንቋ ነውና አልደነገጠችም።

እንዲህ እያለች ስትሞክር ጥፍሯ በአንደኛው ላይ እንደ ሐር ተንሸራተተ። ዝገቴ ራሳቸው በጣታቸው ሞክረው «ኧረ በሕግ!» አሉና በርጩማቸውን ለቀቁላት። ሁለተኛውና ሦስተኛውም ተገኙ። አራተኛው ግን ክምሩ አልቆ አልተገኘም።

«ሦስት እግር ያለው በግ አይታረድም እንዴ? በሦስቱ አስነሺያ!» አሉ ዝገቴ ሊያጽናኗት።

መልስ ልትሰጥ ስትል ነፋስ መጣና የሸራውን ጥላ አወዛወዘው፤ ከራሷም በላይ ብረት ቅጭል አለ። ቀና አለች። ሸራውን ነፋስ እንዳይወስደው በጫፉ ላይ በሲባጎ የተንጠለጠለ አንድ ቆብ አየች።

«እሱንም ልሞክረው።»

«እሱማ የሸራዬ ነው! ከዚያ ባልዲ መርጬ ያሰርኩት እኮ ነው። እሱን ወስደሽ ሸራዬ ሲበር ማን ይመልስልኛል?»

«እኔ እንዳይበር አድርጌ እሰፋልዎታለሁ።»

እርሷም አልቆየች፤ ከኪሷ መርፌና ወፍራም ክር አውጥታ የሸራውን ጠርዝ አጠፈች፣ ኪስ አድርጋ ሰፋች፣ አሸዋ ሞላችበት። ዝገቴ ጎትተው ሞከሩትና ሲባጎውን ቆረጡላት። ጥፍሯ በአራተኛው ላይ ሲያልፍ ምንም አላገኘም። ምስጋና ለማን እንደሚገባ ታውቃለችና አንገቷን ደፍታ «ተመስገን» አለች።

በማግሥቱ መካኒኩ አራቱን ከየክንዳቸው አጋጥሞ አጠበቀ። ዘንጉን በእጁ ገፋ ሲያደርገው ያለ ድምፅ ዞረ። ደግሞም አዞረው፤ ሥራው አልቆ ሳለ ዝም ብሎ ሲያዞረው ቆየ።

ቅዳሜ ጠዋት የብረት ነጋዴው የጭነት መኪና መጥቶ በግቢው በር ላይ ቆመ። ወንድሟ ገመድ በትከሻው ጥሎ፣ ሁለት ወዛደሮች አስከትሎ ገባ። መኪናዋ የኋላ ወንበሯ በተማሪ ልብስ እስከ ጣራዋ ተሞልቶ፣ እንቢኝም መሪውን ይዛ ተቀምጣ አገኟት።

«ውረጂ እንጂ እህቴ፣ ሰው እናስቸግር?»

ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አንድ ጊዜ አጉረመረመ፣ አሰበበት፣ ከዚያም ተነሣ። ወዛደሮቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ወንድሟ ገመዱን ከትከሻው አወረደ፤ የት እንደሚያደርገው ግን ጠፋው።

እንቢኝ ጡሩምባዋን ረዘም አድርጋ ነፋችና አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«ጋሼ፣ የዚያን ሰውዬ መኪና ከበሩ አስነሣልኝ። መንገዴን ዘግቷል።»