ሄርሚቷና ሩፈሱ

ከሀዋሳ የወጣሁት ማክሰኞ ማታ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ሻንጣዬን ስሸክፍ ጋሼ ተሰማ መጡ። አሥራ አንድ ዓመት ሐይቁ ዳር ለቱሪስት ወፍ አሳይቻለሁ፤ ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቆሎ አስጨበጡኝና «ሂድ እንግዲህ። ብቻ እዚያ ሄደህ አውቃለሁ አውቃለሁ እንዳትል። ዕውቀትህን ሌላ ሰው ይናገርልህ» አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

ይኸው አትላንታ ከገባሁ ሁለት ዓመቴ፤ እስካሁን ማንም አልተናገረልኝም። የምኖረው ቻምብሊ ነው። ዲኬተር አካባቢ የሞቃት አገር ዛፍና ወፍ የሞላበት ትልቅ የመስታወት ቤት አለ፤ እኔ ወለሉን እጠርጋለሁ። ጥር ላይ ውጭው ሲያንቀጠቅጥ ውስጡ እንደ ጋምቤላ ያቃጥላል።

ሁለቱን ሃሚንግበርዶች ያየሁት እዚያ ነው። ሃሚንግበርድ፣ ሰንበርድ የምንላትን የኛን ትንሿን ማር መጣጭ ወፍ የምታክል፣ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ የአበባ ማር የምትመጥ ወፍ ናት። የኛዎቹ ደህና አድርገው ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠው ነው የሚበሉት። ቆሞ መብላት እዚህ የወፉም የሰውም ነው።

ሄርሚት የሚሏት ቡናማ ናት፤ ምንቃሯ ረጅምና ጎበጥ ያለ፣ ቁርጥ የሐይቃችንን ሰንበርድ። እንዳየኋት ሆዴ ባባ። አንድ ቦታ አትቀመጥም፤ ከአበባ አበባ እየዞረች ትቀማምስና ትሄዳለች። ሩፈስ የሚሉት ደግሞ አረንጓዴ ነው፣ ጅራቱ የሸክላ መልክ ያለው፤ አንድ ቦታ ይይዛል፣ የያዘውንም አያስነካም። ደን ውስጥ ቢሆኑ ለሁለቱም ይበቃ ነበር። እዚህ ግን አበባው ጥቂት ነው፤ የስኳር ውሃ ያለባቸውን ዕቃዎች በሙሉ አንድ ጥግ ሰቅለዋቸዋል። ሩፈሱ መሃላቸው ተቀምጦ፣ ሄርሚቷ ብቅ ባለች ቁጥር ያባርራታል። ካየኋት በአራተኛው ቀን መብረር እየከበዳት መጣ።

አርብ ዕለት መጥረጊያዬን ግድግዳ አስደግፌ ኃላፊያችን ሊንዳ ዘንድ ሄድኩ።

«ይቅርታ፣ ያቺ ቡናማዋ የራባት ይመስለኛል። አንዱን ዕቃ ወደዚያኛው ጥግ ብታደርጉት...»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ምናልባት ብዬ ነው።»

«ከወፍ ጋር ሠርተህ ታውቃለህ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

አገር ቤት ቢሆን ይህ መልስ ይበቃ ነበር። ትንሽ ትንሽ ያለ ሰው ጥንቅቅ አድርጎ ያውቃል ማለት ነው፤ ጠያቂውም «ግድ የለህም፣ ንገረኝ» እያለ ይለምነዋል። ሊንዳ ግን አንዴ ነው የምትጠይቀው። «ኦኬ፣ ታንክ ዩ። የወፎቹ ባለሙያ ሰኞ ሲመጣ ያየዋል» ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። እኔ ቆሜ ልመናውን እጠብቃለሁ። ቀና ብላ «ሌላ ነገር አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

ንድድ ብሎኝ ወጣሁ። በሷ ይሁን በራሴ እስካሁን አልለየሁትም።

እሁድ ጠዋት የሙዙን ተክል ሥር ስጠርግ ደረቅ ቅጠል መስላኝ ከቆሻሻው ጋር ልገፋት ነበር። ሄርሚቷ ናት። በመዳፌ ይዣት ብዙ ቆየሁ፤ ምንም አትከብድም። ሰኞ ባለሙያው መጣና አንዱን ዕቃ ወደዚያኛው ጥግ ወሰደው።

ያን ቀን ጋሼ ተሰማ ጋ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «አንተ ልጅ፣ ታዲያ አውቃለሁ አትላትም ነበር?» አሉኝ።

እርስዎ አይደሉ እንዴ የከለከሉኝ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«እንጃ፣ ጋሼ» አልኳቸው።