እትዬ እናኑ ያልጣሏት መኪና

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ረሖቮት ከተማ መግቢያ ላይ ያለው የትራፊክ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለሁ የተቃጠለ የጊር ዘይት ሸተተኝ። ጊር የምንለው ካምቢዮውን ነው፤ እዚህ አገር ያደግን ሰዎች ቃሉን ከዕብራይስጥ ወስደን በዚያው ቀረን። ሽታው ከሞተር ዘይት ሽታ ይለያል፤ ድስት ውስጥ ስኳር አርሮ አጠገቡ ጎማ የነደደ ይመስላል። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ከፊቴ የነበረችው አሮጌ የቤት መኪና ሞተሯ ጮኸ እንጂ ቶሎ አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላ ጡሩምባ ተነፋ። ሌላው ሰው መስኮቱን ሲዘጋ እኔ የኔን ከፈትኩት። በዚያ ሽታ ውስጥ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ በእትዬ እናኑ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር።

እትዬ እናኑ እዚያው ረሖቮት፣ ክርያት ሞሼ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ነበር የሚኖሩት። እናቴ ከሥራ የምትገባው አመሻሽ ላይ ስለነበር እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ የምሄደው እሳቸው ጋ ነው። አጭር፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲራመዱ ሰው የሚጠራቸው የሚመስሉ ሴት ነበሩ። ጎህ ሲቀድ ወጥተው መዝከረት ባትያ አጠገብ ባለ እርሻ፣ በላስቲክ በተሸፈነ ቤት ውስጥ፣ ጽጌረዳ ሲቆርጡ አርፍደው ቀትር ላይ ይመለሳሉ። እጃቸው እሾህ ሳይጭረው የዋለበትን ቀን አላስታውስም። አንዲት ልጃቸው አግብታ ሰሜን ርቃ ትኖር ስለነበር ቤቱ ውስጥ እሳቸውና ባለቤታቸው ጋሽ ተገኘ ብቻ ነበሩ።

ጋሽ ተገኘ ጎንደር እያሉ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጡ የኖሩት ያ ሰፊ ትከሻ እኔ ሳውቃቸው ከሸሚዙ ውስጥ ጠፍቶ ነበር፤ ኩላሊታቸው ስለደከመ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ሆስፒታል ይሄዳሉ። እጥበቱ አራት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ በሽተኞችን በየቤቱ የምታደርሰውን ሚኒባስ መጠበቅ አለ፤ እሷም ሰው እስኪሞላ ትቆማለች። ብዙ ጊዜ ጋሽ ተገኘ ቤት ሲደርሱ ደረጃውን መውጣት አቅቷቸው አንደኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ብለው አገኛቸው ነበር።

እትዬ እናኑ መኪና መንዳት የተማሩት ለዚህ ነው። አርባ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ፊደል ስላልቆጠሩ የመንገድ ሕጉን ፈተና በአማርኛ፣ በቃል ተፈተኑ። በመንዳቱ ፈተና ሦስት ጊዜ ወደቁ። አንድ ጎረቤት፣ «እናኑ፣ በዚህ ዕድሜሽ ምን ያንገላታሻል?» ቢላቸው፣ «ዕድሜዬን ምን አመጣው? እግሬ እንደሆነ ፍሬኑ ላይ ይደርሳል» አሉት። በአራተኛው አለፉ።

መኪናዋን የገዙት ከእርሻው ጡረታ ከወጣ ሰው ነው። አንድ ዘመን ነጭ የነበረች፣ ፀሐይ ጣራዋን ልጣ ያበላሸቻት፣ መስኮቷ በእጅ እየተሽከረከረ የሚወርድ መኪና ናት። ወንበሩ ላይ የእንጨት ዶቃ የተደረደረበት ልብስ ነበር፤ በበጋ ስቀመጥበት እግሬ ላይ ክብ ክብ ምልክት ይተዋል። ካሴት ማጫወቻው ውስጥ የቀድሞው ባለቤት ካሴት ተቀርቅሮ ቀርቶ ስለነበር መንገዱን ሁሉ የምንሰማው የሞተሩን ድምፅ ነበር። የሞተሯን ድምፅ ከእናቴ ሳል እኩል የማውቀው ስለዚያ ይመስለኛል።

ወደ መኸር ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጠዋት ማርሹን ሲያስገቡ መኪናዋ ትንሽ ታስብና ከኋላ በእርግጫ እንደተመታች ትነጥራለች። ማርሽ የምትቀይረው ራሷ ናትና፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ስትቀይር ደግሞ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ጉልበቱ ወደ ጎማው አይወርድም። ከቆመችበት ስትነሳ አስፋልቱ ላይ ቀላ ያለ ጠብታ ይቀራል። እትዬ እናኑ ጎንበስ ብለው ጠብታውን በጣታቸው ነክተው ያሸቱት ነበር።

መጀመሪያ የወሰዷት ሙሳክ ውስጥ፣ ሙሳክ ማለት ጋራዥ ነው፣ አንድ ወጣት መካኒክ ሰፈሩን አንድ ዙር ነድቷት ተመለሰና ከመኪናዋ እንኳ ሳይወርድ ፈረደ።

«ጊሩ ሞቷል። ለቁርጥራጭ ሽጫት።»

«ከፍተህ አይተኸዋል?» አሉት፣ በዚያች በተሰባበረች ዕብራይስጣቸው።

«መክፈት አያስፈልግም፤ ይሰማል እኮ።»

እትዬ እናኑ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ «ሞቷል ለማለትስ ገልጦ ማየት አለ» አሉና መሪውን ያዙ።

በዚያው ሳምንት ነው ክፉው ቀን የመጣው። የበረሃው ነፋስ ሰማዩን አቧራ አልብሶት ነበር። ጋሽ ተገኘን ከእጥበት ይዘን ስንመለስ ዳገቱ ላይ መኪናዋ ጮኸች፣ ጮኸች፣ ከዚያ ቆመች። ያ ያረረ ስኳር የመሰለ ሽታ ውስጡን ሞላው። ጋሽ ተገኘ ክንዳቸው ላይ ፋሻው እንዳለ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መኪኖች እየተሳደቡ ያልፉናል። እትዬ እናኑ ወርደው፣ ነጠላቸውን አውልቀው ፀሐዩ በሚገባበት መስኮት ላይ ጋረዱና ታክሲ እስኪመጣ በሩ ሥር ቆሙ።

በማግስቱ ጋሽ ተገኘ አልጋቸው ላይ ሆነው፣ «ይብቃኝ እናኑ። ከእንግዲህ አልሄድም። አንቺንም ገደልኩሽ፣ ይቺን የሰው ልጅም ፀሐይ ላይ አሰጣኋት» አሉ። እኔ በሩ አጠገብ የቤት ሥራዬን ይዤ ነበር። እትዬ እናኑ ውሃ እየቀዱላቸው ነበር፤ አልጮኹም።

«መኪናዋን አሠራታለሁ፤ እርስዎም ይሄዳሉ» አሉ። «እስከዚያው በታክሲ ይሄዳሉ። ሌላ ወሬ የለንም።»

ከዚያ በኋላ ከእርሻ ሲመለሱ በየቀኑ ከአንዱ ሙሳክ ወደ ሌላው በእግራቸው ዞሩ። የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ጊሩን ከፍቶ የሚያይ ሰው አለ ወይ? አንዱ ሳቀ፣ አንዱ ሌላ መኪና ሊሸጥላቸው ሞከረ። አጠገባችን ባለችው ክርያት ዔቅሮን ውስጥ ራፋኤል የሚባል ሽማግሌ መካኒክ ግን ቡናውን አስቀምጦ፣ «ያላ፣ በይ፣ አምጫት። ከፍቼ ካላየሁ ምንም አልልም» አላቸው። በዕብራይስጥ አንቱታ ስለሌለ አንቺ ይላቸዋል፤ እሳቸውም አንተ ይሉታል፤ ሁለቱም የተከባበሩት በሌላ ነገር ነው።

ከፍቶ በሚያይበት ቀን ጋሽ ተገኘ ካልሄድኩ አሉ። መኪናዋ ተጎትታ መጥታ፣ ማንሻው ላይ ወጥታ፣ ራፋኤል ከሥር ያለውን የዘይት ሣህን ፈታ። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት እንደ ጎርፍ ውሃ ጠቁሮ ወረደ። የሣህኑ ጠርዝ ላይ ያለው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ የሚያንጠባጥበው በዚያ ነው። ማጣሪያው ደግሞ ጭቃ የተመረገበት ይመስላል። ጋሽ ተገኘ ያን ሲያዩ፣ «እንደኔው ማጣሪያዋ ነው የታመመው» አሉና ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቁ።

ሣህኑ ውስጥ ብረት የምትሰበስብ ማግኔት አለች። ራፋኤል በጨርቅ ሊጠርጋት ሲል ጋሽ ተገኘ እጃቸውን ዘረጉ። ላይዋ ላይ የተከማቸውን ጥቁር ዝቃጭ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው አሹት።

«ይኼ የተበላ ብረት ነው እንጂ የተሰበረ አይደለም» አሉ። «የተሰበረ ቢሆን ይወጋኝ ነበር።»

እትዬ እናኑ ያንኑ በዕብራይስጥ ተናገሩት። ራፋኤል እሱም ከዝቃጩ ቆንጥሮ አሸና ጋሽ ተገኘን ቀና ብሎ ተመለከታቸው። «ትክክል ነው» አለ። «ስብርባሪ የለውም። ይህ ጊር ገና ይሠራል።» ከዚያ ወንበር አምጥቶ አስቀመጣቸውና እስከ መጨረሻው የሚያደርገውን ሁሉ ለእሳቸው እያሳየ ሠራ።

የሣህኑን ጠርዝ ጎማና ማጣሪያውን ቀየረ። ዘይቱን ግን በአንድ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ አልቀየረም። አሮጌ ጊር በድንገት በአዲስ ዘይት ከታጠበ የባሰ ሊንሸራተት ስለሚችል በየሁለት ሳምንቱ እየመጣሽ ጥቂት ጥቂት፣ ሦስት ጊዜ እንቀይረዋለን አለ። ለእትዬ እናኑም መመሪያ ሰጣቸው፤ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ሳትቆም ከኋላ ወደ ፊት ማርሽ አትቀይሪ፤ ማርሹን ካስገባሽ በኋላ እስኪይዝ ታገሺ፤ በሳምንት አንድ ቀን ሞተሩ ሞቆ እየሠራ፣ ሜዳ ላይ አቁመሽ፣ የጊሩን ዘይት በመለኪያ ዘንጉ ለኪ። አልጻፉትም። እንደ ጸሎት በቃላቸው ያዙት። በየዓርቡ ቀትር፣ ለሰንበት ከመታጠባቸው በፊት፣ ዘንጓን መዝዘው በነጭ ጨርቅ ጠርገው ቀለሙን ሲያዩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ሦስተኛው ዘይት ከገባ በኋላ መንሸራተቱ ቆመ። በብርድ ጠዋት ማርሹ ለመያዝ ያንገራግር የነበረው ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቃትም፤ እትዬ እናኑም «ቤሰደር፣ ይሁን፣ አሮጊት ናት፣ ትነሣ» ብለው ይጠብቋታል። በዚያ ዓመት ቴስቱን፣ የዓመቱን ምርመራ ማለት ነው፣ አለፈች። በሚቀጥለውም አለፈች። ጋሽ ተገኘ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ፤ አንድም ቀን እጥበት አልቀሩም። ሲያርፉም ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ ነው።

ብዙ ሰው እትዬ እናኑ ከዚያ በኋላ መኪናዋን ይሸጧታል ብሎ ነበር። እሳቸው ግን የሰፈሩን ሴቶች አንድ በአንድ መያዝ ጀመሩ። ባሏ የሞተባትን፣ ልጇ የታመመባትን፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ የምትውለውን፣ «መንጃ ፈቃድ አውጪ» እያሉ መውጫ ያሳጧቸዋል። ለቃል ፈተናው ሳሎናቸው ውስጥ አስቀምጠው፣ ጥያቄዎቹን በቃላቸው እንደያዙት ራሳቸው ያስጠኗቸው ነበር። የወደቀችውን፣ «እኔ ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ አንቺ ገና አንድ ነሽ» ይሏታል። እናቴም በዚያ ሳሎን ካለፉት አንዷ ናት።

እትዬ እናኑ ያረፉት የዛሬ ሦስት ዓመት በክረምት ነው። በሰባተኛው የለቅሶ ቀን ከሰዓት በኋላ ስሄድ ክርያት ሞሼ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ጠፍቶ ሁለት መንገድ ርቄ አቆምኩ። መጀመሪያ ሠርግ ያለ መስሎኝ ነበር። ለካ መኪኖቹ በእትዬ እናኑ ሳሎን የተማሩት የለቀስተኞቹ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ያረጁ፣ በር ላይ የተጫሩ፣ ግን የታጠቡ መኪኖች። ጸሎቱ ሲያበቃ ቄሱና ሽማግሌዎቹ ዘንጋቸውን ተደግፈው ደረጃውን ወረዱ። አንዱ፣ «ታክሲ የሚጠራልን አለ?» ሲሉ እናቴ ክንዳቸውን ያዘች።

«ምን ታክሲ አስፈለገ አባባ፣ እርስዎ ከእኔ ጋ ነዎት» አለቻቸው። «ጋሽ መኮንን ከትርንጎ ጋ፣ ቄሱ ደግሞ ፊት ወንበር ላይ፣ ከባዩሽ ጋ።»

ሴቶቹ እንዲህ እያሉ ሽማግሌዎቹን በየመኪናው ተከፋፈሏቸው። ቀበቷቸውን አሰሩላቸው፣ ዘንጋቸውን ከእግራቸው ሥር አስቀመጡላቸው፣ አንድ በአንድም ይዘዋቸው ወጡ። መንገዱ ጭር ሲል እኔ ወደ መኪናዬ በእግሬ ሄድኩ።