ስለ ዌል ሻርክ የተጠየቅኩት ግለ ሂስ

የታሰርኩት ናዝሬት ነው፤ ከማስተምርበት ክፍል ተጠርቼ፣ ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ። የቀበሌው እስር ቤት የድሮ እህል መጋዘን ነበር። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ስለሆነ ከቀትር በኋላ ሲግል ላብና የበርበሬ ብናኝ አንድ ላይ ይሸታል። በሩ ላይ ቆሜ መቀመጫ ስፈልግ አንድ የወለንጪቲ ሽማግሌ እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«አስተማሪ ነኝ አባባ። ባዮሎጂ።»

«ጎሽ! እንግዲያው ነገ ተረኛው አንተ ነህ።»

በዚያ ክፍል ሁሉም የሚያውቀውን በተራ ያስተምር ነበር። የወንጂው ሠራተኛ ስለ ሸንኮራ አገዳ አቆራረጥ፣ የመቂው ደላላ ሽንኩርት ሳይበሰብስ ስለሚጫንበት መንገድ አስተምረዋል። እኔ ያ ሙቀት ባሕር ቢያሰኘኝ ዌል ሻርክን መረጥኩ። አሰብ ሳስተምር ከዓሣ አጥማጆች ጋር ወጥቼ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ነው፣ ከአውቶቡስ ይረዝማል አልኳቸው። «ዌል» በእንግሊዝኛ ዓሣ ነባሪ ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘው ግን በግዝፈቱ እንጂ ዓሣ ነባሪ ሆኖ አይደለም። ዓሣ ነባሪ አየር ለመሳብ ብቅ ይላል፤ እሱ ግን እዚያው ውሃ ውስጥ ከራሱ ጎንና ጎን ባለው ስንጥቡ ይተነፍሳል። ጥርሶቹ እልፍ ቢሆኑም ከሩዝ ፍሬ ያንሳሉ፤ አያኝክባቸውም። አፉን በሰፊው ከፍቶ በዝግታ ይጓዛል። ውሃው በስንጥቡ ሲወጣ ደቃቅ የባሕር ነፍሳትና ትንንሽ ዓሣዎች ይቀሩለታል። ሆዱ ሥር ተለጥፈው አብረውት የሚሄዱ ዓሣዎችም አሉ።

«ሰው አይበላም?» አሉ ሽማግሌው።

«ጉሮሮው አያሳልፍም።»

«ያን ሁሉ አካል ተሸክሞ!» ብለው ሳቁ፤ ክፍሉም አብሯቸው ሳቀ።

ለካ መካከላችን ወሬ አቀባይ ኖሯል። በማግሥቱ የቀበሌው ካድሬ አስጠራኝ።

«አፉን ከፍቶ ትንንሾቹን የሚውጠው ማን ነው?»

«ዓሣ ነው፣ ጓድ።»

«ሆዱ ሥር የተለጠፉትስ? እኛ ነን?»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ከንፈሬን ነከስኩ።

«ነገ እስረኛው ፊት ግለ ሂስ ታደርጋለህ» አለ። «አብዮቱን ለማጥላላት የፈጠርኩት ውሸት ነው ትላለህ። እምቢ ካልክ ስንቅህ ይመለሳል።»

የስንቅ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የማታውቅ እናት በከተማው አልነበረችም። ልጅሽ ተገድሏል ማለት ነው። እናቴ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም፤ ምሳዬን ይዛ በሩ ላይ የምትቆመውም እሷ ናት። ፈራሁ። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የቀረን ሀብት እርስ በርስ የምንነጋገረው እውነት ብቻ ነበር። እኔ የራሴን ትምህርት ውሸት ካልኩ ከዚያ በኋላ ማን ማንን ያምናል?

በማግሥቱ ካድሬው ደጃፉ ላይ ቆመ። ተነሳሁ።

«ከትምህርቱ አንድ ነገር ረስቻለሁ» አልኩ። «የዓሣ ነባሪ ጅራት የሚቀዝፈው ወደ ላይና ወደ ታች ነው። የዌል ሻርክ ግን ወደ ግራና ወደ ቀኝ።» በእጄ እየቀዘፍኩ አሳየኋቸው። «ሌላ የማርመው የለኝም።»

ካድሬው በሩን አላግቶ ሄደ።

በምሳ ሰዓት የዘበኛው ድምፅ ተሰማ። «የሱ ስንቅ አይገባም! ይዘሽ ተመለሺ!» ወዲያው የእናቴ ጩኸት ተከተለ። ወደ ግድግዳው ሮጥኩ፤ ብጣራም ጩኸቷ ድምፄን ዋጠው። ያኔ ሽማግሌው ቆርቆሮውን በመዳፋቸው እየደበደቡ በኦሮምኛ «ጅራ! ጅራ!» ብለው ጮኹ። አለ፣ በሕይወት አለ ማለታቸው ነበር። የወንጂው ሰው ተቀበላቸው፤ ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ። ጠባቂዎች ገብተው በዱላ ሲቀጠቅጡንም ማንም ዝም አላለም። ዝም ያልነው የውጪው ለቅሶ ሲቆም ነው።

ዛሬ ዕድሜዬ እናቴ ያን ጊዜ ከነበረችበት አልፏል። ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ እንደገና እነሳ ነበር፤ ግን ጩኸቷ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከተፈታሁ በኋላ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«ለዓሣ ብለህ ነው እንዲያ ያስጮህከኝ?» አለችኝ።

 ነጠላዋን አስተካክላ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«በል» አለች፣ «ለእነሱ ያስተማርከውን ለእኔም አስተምረኝ። እንዳታሳጥረው።»