«እህ» ባይ ያለው ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ገጠር፣ ቁሐር ሚካኤል በነበረው ቤታችን፣ ተረት ያለ «እህ» አይነገርም ነበር። አያቴ አባባ ታከለ የኩበቱን እሳት ቆስቆስ፣ ዓይናችንን እያቃጠለ የሚያስለቅሰንን ጭስ በጋቢያቸው ገፋ ገፋ ያደርጉና ይጀምራሉ፤ ከእኛ አንዱ በየመሃሉ «እህ» ካላለ ግን አፋቸውን ግጥም ነው። «ከግድግዳ ጋር አላወራም እኮ!» ይላሉ። ቁጡ ነበሩ፣ ነፍስ ይማርና። የባሰው ደግሞ ተረቱ ልብ በሚሰቅልበት ቦታ ቆም ብለው አንዳችንን በከዘራቸው ነካ ያደርጉና «ተቀበይ!» ማለታቸው ነው። ያኔ የተነካው እንደመጣለት ይቀጥላል፤ ቢሳሳት አይሳቅበትም፤ ቢያቅተው አጠገቡ ያለው ያነሳለታል እንጂ ተረት መሬት አይወድቅም።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ወረታ ከተማ ዘመድ ቤት ተቀመጥኩ። እዚያ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የምንማረውም ከክፍሉ ፊት ለፊት በቆመው ትልቅ ቴሌቪዥን፣ በፕላዝማው ነበር። ፕላዝማው ውስጥ ያለችው ሴትዮ ትጠይቀንና ትንሽ ፈገግ ብላ ቆይታ፣ ማናችንም ትንፍሽ ሳንል «ጎበዞች!» ብላን ታልፋለች። ምን ሠርተን ነው ጎበዝ የተባልነው እያልን እንሳሳቅ ነበር። «አንቱ አትበሉኝ» ያለን ወጣቱ አስተማሪያችን ቲቸር ዳዊት ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ብሎት በእንግሊዝኛ ሊያናግረን ይነሳል፣ እኛ ግን ጭጭ። እኔማ አንድ ቀን አፌን ብከፍት ክፍሉ ስለሳቀብኝ፣ ከዚያ ወዲህ ስሜን እንኳ በእንግሊዝኛ አልናገርም ብዬ ምዬ ነበር። የአባቴ ቃል ደግሞ አንድ ነው፤ «ዘንድሮ ከወደቅሽ ተመልሰሽ ሩዝሽን ታርሚያለሽ።» ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ለእርሻው ሰው አንሶት ነው። እኔ ግን አንዴ ከተመለስኩ ትምህርት ቤቱን ዳግም እንደማላየው አውቅ ነበርና ጨነቀኝ።

የኅዳር ሚካኤል ለት ቲቸር ዳዊትን ለንግሡ እኛ ቤት ጠራነው፤ መጣ። ማታ ከእሳቱ ዳር ጠላውን ይዞ እንደተቀመጠ አባባ ጀመሩ። ኩበት የተጫነች አህያ ይመሽባታል፣ ውሃ ሙላት መንገዱን ይዘጋባታል፣ ብትጨነቅ ጊዜ የጅብን በር ታንኳኳለች። «እህ!» አልን።

«ጅቡም በሩን ከፈተና...» አሉና አባባ ከዘራቸውን ቲቸር ጉልበት ላይ አሳረፉ። «ተቀበል እንጂ፣ አስተማሪው!»

በኩራዙ ብርሃን ፊቱ ሲቀላ አየሁት። «ጅቡም... ጅቡም...» አለና ቀረ። ወይ ጉድ! ልክ እኔ ክፍል ውስጥ የምሆነውን ሆነ። ማንም አልሳቀበትም። ትንሿ እህቴ ከእናቴ ጉያ ብቅ ብላ፣ «ጅቡም፣ እንኳን ደህና መጣሽ ራቴ፣ አላት!» ስትል ነው ቤቱ በሳቅ ያውካካው፤ ቲቸርም አብሮን ስቆ «እህ!» አለ። ከዚያ እየተቀባበልን ጨረስነው። አህያዋ «በል ምንጣፉን ሰፋ አድርገህ አንጥፈው፣ ውሾቹም ከኋላዬ እየመጡ ነው» ብትለው፣ ጅቡ ቤቱን ለቆላት በጓሮ በር ፈረጠጠ።

ሰኞ ቲቸር ከዘራ ይዞ ክፍል ገባ። ከፕላዝማው የምትተርፈውን ጊዜ ለተረት አደረጋት። ሕጉ የአባባ ሕግ፣ ቋንቋው ብቻ እንግሊዝኛ። ስሕተታችንን ተረቱ ካለቀ በኋላ፣ የማን እንደሆነ ሳይናገር፣ ሰሌዳው ላይ ያርመዋል። ከዘራው እኔ ጋ ሲደርስ ተነሳሁ። እንደ ምንም ጀመርኩ። ኩበት በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ስለማላውቅ «ኩበት» ብዬው አለፍኩ፤ ክፍሉ በሙሉ «እህ!» አለ። ኧረ ደስ ማለቱ! እስከ ጅቡ በር ድረስ ብቻዬን ሄድኩ።

ቅዳሜ ቤት ስገባ አባባ፣ «እስቲ በዚያ በፈረንጅ አፍ ንገሪኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው። ትንፋሽ በወሰድኩ ቁጥር «እህ» ይላሉ፤ አንድም ቦታ አላዛነፉም።

«አባባ፣ ገባዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን ይገባኛል ልጄ! አንቺ እንዳታቆሚ ነዋ።»

አባቴ ለካ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠና፣ «እኔ ከመሃሉ ነው የደረስኩት፤ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» አለኝ። ጀመርኩለት። ጥቂት ከሄድኩ በኋላ፣ ዓይኑን ከፍሙ ላይ ሳያነሳ፣ ቀስ ብሎ «እህ» አለ። የሩዙ ነገር ከዚያ ወዲያ በቤታችን አልተነሳም።

ዛሬ እዚያው ወረታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በየሥልጠናው ብዙ ዘዴ ተምሬያለሁ፤ በቡድን ማወያየቱን፣ ገበያተኛና ነጋዴ እየሆኑ መጫወቱን፣ ሁሉንም እሠራበታለሁ፣ ይጠቅማልም። ግን ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነስታ፣ ጀምራ፣ መሃል ላይ ቀጥ ስትልብኝ፣ ቃሉን ከአፌ አላወጣላትም። ጠጋ እላታለሁ። «እህ?» እላታለሁ።

ትቀጥላለች።