ዋርካውን ልቆርጥ ሄጄ

ዛፍ መቁረጥ እንጀራዬ ነው። በዚህ ክረምት አንዲት ሴት ደውላ፣ «ታቦር ኮረብታ ላይ ያለው የአባቴ ቤት ውስጥ ዋርካ አለ፤ ሥሩ ግድግዳውን ሰነጣጥቆታል። ቤቱ ሳይናድባቸው ቁረጥልኝ» አለችኝ።

በሩን የከፈቱልኝ አባቷ ራሳቸው ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ አርክቴክት። ገና አፌን ሳልከፍት፣ «ቤቱን ልታይ የመጣህ ተማሪ ነህ አይደል? ግባ ልጄ» ብለው እጄን ያዙኝ። እውነቱን ሳልነግራቸው ተከትዬ ገባሁ። መጋዜ መኪናው ላይ ነው።

ቤቱን ነድፈው ያሠሩት ዋርካውን መሃል አድርገው ነው። ግንዱ የሥራ ክፍላቸውን አቋርጦ በጣራው ይወጣል። ከኮረብታው ድንጋይ አንድም አልተነሳም፤ ግድግዳው ነው የዞረለት። ከታች የሚታየው ሐይቅ በጭጋግ ተሸፍኗል፤ በስንጥቁ ዝናብ ይገባል።

«ባለቤቴ ስትታመም አልጋዋን እዚህ ግንዱ ሥር አደረግንላት። ቅጠሉን እያየች አረፈች» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። «አባባ፣ እኔ ተማሪ አይደለሁም። ዛፉን እንድቆርጥ ልጅዎ ጠርታኝ ነው።»

ግንዱን በመዳፋቸው ዳበሱ። ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አይቼ፣ «ከፈለጉ ልመለስ» አልኳቸው።

«ቤቱና ዛፉ አብረው እንዲኖሩ ብዬ ነበር የሠራሁት፤ አልሆነም። አንዱ መሄድ አለበት» አሉ።

እያዘንኩ መጋዙን ላመጣ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ከባድ ድምፅ ሰማሁ። ስዞር፣ ሽማግሌው በመዶሻ የገዛ ግድግዳቸውን እያፈረሱ ነው።