የሳህኑ ባዶ ቦታ

እኛ ቤት ለብቻው ሳህን የሚቀርብለት ወይ የታመመ ሰው ነው ወይ የተኳረፈ። ከዚያ ውጭ ሁላችንም አንድ ትሪ ከበን ነው የምንበላው። አባቴ ጎጃም እንዲህ አድርገው አሳደጉኝ፤ እኔም ቀራንዮ ትዳር ስይዝ ይህንኑ ልማድ ይዤ ገባሁ። ታዲያ ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ከትሪው መሸሽ ስትጀምር እንዴት እንደተንገበገብኩ አትጠይቁኝ።

ነገሩ የመጣው በጉርሻ ነው። ቤታችን እንግዳ አያጣም፤ እንግዳ ደግሞ ልጅ ሲያይ እጁ ወደ ወጡ ነው የሚሮጠው። ታላቅ እህቴማ ከሳንሱሲ በመጣች ቁጥር ቡጢ የሚያህል ጠቅልላ "በሞቴ! በሞቴ ጉረሺ!" እያለች ልጅቷን በየክፍሉ ታሳድዳታለች። ልጄ አፏን ግጥም አድርጋ ትዘጋለች። ወጡ ከንፈሯን የነካት እንደሆነ ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች። በመጨረሻ ምሳ ሲቀርብ መኝታ ቤት ገብታ በሩን መቆለፍ አመጣች። ከደረቅ እንጀራና ከቅቅል እንቁላል በቀር አትቀምስም፤ እሱንም ሁለቱ እንዳይነካኩ አድርገው ካላቀረቡላት ትታው ትነሳለች። እህቴ "አቀማጥለሽ አበላሸሻት" አለችኝ። ጎረቤት "ዓይን ነው" አለ። ጠበል ወሰድናት። ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ ሆዷ ደህና ነው ተባለ።

እኔ ግን የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄን በእጄ ማጉረስ። እኔ ቁልምጫ አይሆንልኝም፤ የሚቀናኝ ቁጣ ነው። "የኔ ማር፣ የኔ ወለላ" ማለት ብጀምር እንኳ ግማሽ ላይ ሳቄ ይመጣል። ፍቅሬን የምገልጸው በእጄ ነው፤ ጠቅልዬ፣ አጣፍጬ፣ አፍ ውስጥ አስገብቼ። እሷ ደግሞ እጄን ስታይ ትሸሻለች። ስንቴ ድስት እያጠብኩ አልቅሻለሁ!

ስለ አማካሪዋ የነገረችን የልጄ አስተማሪ ናት። አየር ጤና፣ ከአንድ የቀለም መሸጫ ሱቅ በላይ ባለ ክፍል ውስጥ ሕፃንም፣ ጎረምሳም፣ አዋቂም የምታማክር አለች አለችን። ሄድን። ታክሲ ውስጥ ወያላው "አየር ጤና! አየር ጤና!" ባለ ቁጥር ልጄ ጆሮዋን ትይዛለች፤ ስንወርድ ደግሞ የጋራዦቹ መዶሻ ተቀበለን። ደረጃውን ስንወጣ እኔም ጆሮዬን ልይዝ ምንም አልቀረኝ።

በረንዳው ላይ ቱታ የለበሰ፣ እጁን ግራሶ የበላው ጎልማሳ ተቀምጧል። "ወንድሜ፣ ልጅህን ነው ያመጣኸው?" አልኩት።

"ኧረ ራሴን ነው" አለኝ እየሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከግድግዳው አላነሳም። "እዚህ ታች ጋራዥ ነው የምሠራው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው 'ሰላም አይልም፣ ኩሩ ነው' እያለ ሲቀየመኝ ኖረ። ለካ እኔ ሞተር እያዳመጥኩ ሰው ማናገር አልችልም።"

"አሁንስ ቻልክ?"

"አልቻልኩም። ግን 'ልጨርስና እመጣለሁ' ማለት ተማርኩ። አሁን ሻይ ይጋብዙኛል።"

አማካሪዋ ልጅ እግር ናት። "እርስዎ" ስትለኝ በአንዴ አሮጊት አደረገችኝ። ገና እንደገባን የጣሪያውን መብራት አጠፋችው። "ይሄ መብራት ይጮሃል፤ ጆሮዬን ነው የሚበላኝ" አለች። ልጄ ቀና አለች።

"አንቺም ትሰሚዋለሽ?"

"እንዴ! እንዴት አልሰማውም!"

እኔ ምንም አልሰማሁም። ከዚያ ሁለቱ ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን ግንባታ ማየት ያዙ። አይተያዩም፤ ጥያቄ የለም፣ መልስ የለም። አንዳንዴ ልጄ "ያ ሰውዬ ባልዲ ወጣለት" ትላለች፤ ያቺ ደግሞ "ሁለተኛው ግን ዘገየ" ትላታለች። አሁን ይሄ ምክር ይባላል? ብዬ ከበሩ አጠገብ ስብሰለሰል ዋልኩ። በሚቀጥለውም ጊዜ እንዲሁ። ከተመላለስን በኋላ ግን አንድ ቀን ልጄ ከመስኮቱ ዓይኗን ሳታነሳ ተናገረች።

"ወጥ ሲነካኝ እጄ ይጮህብኛል። ሰው ሲያጎርሰኝ ደግሞ አፌ የኔ አይደለም።"

ከአንጀቴ ነው የገባው።

አማካሪዋ በኋላ ለብቻዬ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ኦቲዝም እንደሚባል፣ ልጄ ዓለምን የምትሰማውና የምትቀምሰው በራሷ መንገድ እንደሆነ፣ እሷን እንደ ሰው ለማድረግ ብለን እንዳንደክም ነገረችኝ። "ሰው ናት እኮ" አለችኝ። "ለጊዜው እሷን እንተዋትና ቤታችሁን እናክም።" መድኃኒቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ክፍል ክፍል ያለው ሳህን! ለብቻዋ!

ቱግ አልኩ። "ለብቻ ሳህን? በገዛ ቤቷ? ምን አጠፋችና ነው ከሰው የምለያት?"

"አሁንም እኮ መኝታ ቤት ቆልፋ ነው የምትበላው" አለች ረጋ ብላ። "ሳህኑን ትሪው አጠገብ ያድርጉት። ማንም እንደማይነካት ስታውቅ ትመጣለች።"

እያጉረመረምኩ ወርጄ ሳህኑን ገዛሁ። ባለ ሦስት ክፍል ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው። በአንዱ ክፍል እንጀራ፣ በአንዱ እንቁላል፤ ሦስተኛው ባዶ። እኔ ደግሞ ባዶ ነገር አልወድም፤ አንድ ማንኪያ ሽሮ ጠብ ላደርግበት ስል ሳህኗን ብድግ አደረገችው።

"ይሄ ባዶ ነው የሚሆነው።"

"ለምን?"

"እኔ ስለምፈልግ ነዋ!"

ቁጣዋ የኔው ቁጣ ስለሆነ ማንኪያዬን መለስኩ። ቀስ በቀስ የመኝታ ቤቱ በር መከፈት ጀመረ። መጀመሪያ በሩ ላይ ቆማ በላች፤ ከዚያ ዱካ ጎትታ ጥግ ላይ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከኔ ጎን። ስትቀመጥ አላየሁም መስዬ ትሪው ላይ አቀረቀርኩ። ደስታዬ ግን ልቤን ሊያፈነዳው ነበር።

ይህ በሆነ በዓመቱ አባቴ ለመድኃኔዓለም ንግሥ እንደሚመጡ ደወሉ። "አርጅቻለሁ፤ ያቺን የልጅ ልጄን በእጄ ሳላጎርሳት አልሞትም" አሉ። ወይ ጉዴ! እንቢ ብትላቸው ይቀየማሉ፤ በግድ ቢያጎርሷት ያን ሁሉ ጊዜ የለፋንበት ገደል ገባ፤ ተመልሳ ትቆልፋለች። "እኔ አስቀድሜ ልንገራቸው" አልኳት።

"እኔ ነኝ የምነግራቸው" አለች። "አፉ የኔ ነው።"

ከአማካሪዋ ጋር መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አንዲት ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ። ልጄ ታክሲ ውስጥ፣ ደረጃ ላይ፣ ባኞ ቤት ሳይቀር ስታነበንባት ሰነበተች።

የንግሡ ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትሪውን ከበብን። አባቴ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉና በዶሮ ወጥ አርሰው ጠቀለሉ። እጃቸው ወደ ልጄ ተዘረጋ። እህቴ "በሞ..." ብላ ስትጀምር በክርኔ ጎሸምኳት። ልጄ ግድግዳውን እያየች፣ "አባባ፣ እወድዎታለሁ፤ ጉርሻ ግን አልችልም" አለች።

የአባቴ እጅ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። አባቴ እጃቸውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ሳህኑን አዩ።

"ታዲያ የኔ እመቤት፣ አፍሽ ካልሆነ የት ላድርግልሽ?"

ይህን ደግሞ አልተለማመደችውም። ሳህኗን አየችና ባዶውን ቦታ በጣቷ አሳየቻቸው። "እዚህ። ወጥ የሌለው።"

አባቴ የያዙትን ራሳቸው ጎረሱና "ይቺ ለኔ ደረሰች" ብለው ሳቁ። ከእንጀራው ዳር ደረቁን ቆርሰው፣ እጥፍ አድርገው፣ ልክ አፍ እንደሚያስገቡ ተጠንቅቀው አስቀመጡላት። ልጄ ብዙ አየችው። ከዚያ በራሷ እጅ አንስታ በላችው። እኔ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። እህቴ ተከትላኝ "ምን ሆንሽ?" ስትለኝ "ሽንኩርቱ ነው" አልኳት። ሽንኩርት የሚባል ነገር ግን በአካባቢው አልነበረም።

አባቴ እስኪመለሱ ድረስ በየምሳው እንዲሁ አደረጉ። ከሄዱ በኋላ ያ ቦታ እንደገና ባዶ ሆነ። እኔም ሰንብቼ አንድ ቀን ድፍረት አገኘሁና ደረቅ እንጀራ ቆረስኩ፣ አጠፍኩ፣ እጄን ወደዚያ ላክሁ። ልጄ በመዳፏ ከደነችው።

"ይሄ የአባባ ነው።"

"እሺ" ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ልቤ ግን ወረደ። ወደ ትሪው ዞሬ መብላት ጀመርኩ።

እሷም ሳህኗን አየች። ከዚያ እንቁላሉን አንስታ እንጀራው ላይ፣ ልክ እንጀራው ላይ አደረገችውና አንዱን ክፍል ባዶ አደረገችው። ሳህኗን ወደኔ ገፋ አድርጋ "አንቺ እዚህ አድርጊ" አለችኝ።