ነፋሴን የወሰደችብኝ ሳጥን

ባሌ ከቀፊራ ገበያ ሲመለስ ከባጃጁ ውስጥ እጀታ ያለው ከባድ ሳጥን ጎትቶ አወረደ። ስለምነው የኖርኩት ባለ ክዳን የእጅ ስፌት መኪና መሰለኝና እልል አልኩ። ጎረቤቴም ሮጣ መጥታ አብራኝ እልል አለች።

ሲከፍተው መርፌ የለ፣ ክር የለ። ክዳኑ ራሱ ፊደል የተደረደረበት ኪቦርድ ሆኖ ተዘረጋ። እጀታው ወደ ታች ታጥፎ እግር ሆነ። ውስጡ ከመዳፌ እምብዛም የማትሰፋ ስክሪን አለች፤ ከጎኗ ደግሞ ፍሎፒ ዲስክ የሚጎርስ ስንጥቅ አፍ።

«ኮምፒውተር ናት» አለኝ ባሌ፣ የባቡር ጥገና ጡረተኛው። «ከመጀመሪያዎቹ። ተሸክመሻት የትም የምትሄጂ።»

«ማን ይሸከማታል? ከበግ ትከብዳለች!»

ጎረቤቴ በሳቅ ሞተች። «አቦ እልልታሽን መልሺ! ለጣውንትሽ ነው እልል ያልሽው።»

እውነቷን ነው። ድሬ ከምሳ በኋላ በሯን ዘግታ ትተኛለች፤ ሙቀቱ ግን ያለ ነፋስ አያስተኛም። ቤታችን ያለው ቬንትሌተር አንድ ነው፤ ፊቱም ሁልጊዜ ወደ ምንጣፌ ነበር። አሁን ባሌ ወደ ሳጥኗ አዞረው። «ትግላለች፣ ውስጧ እንዳይቃጠል» ይላል። የእኔ ውስጥስ ድንጋይ ነው? አቧራዋን በሽርጡ ጫፍ ቀስ አድርጎ ይጠርግላታል። የባቡር ዘመኑን በፈረንሳይኛ ፊደሏን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ያጫውታታል፤ ለእኔ ያላወራኝን ሁሉ።

እግሬ ድሮም ቤት አይወድም፤ ተናድጄ ቢዮ አዋሌ ገጠር እህቴ ጋ ሄድኩ። እዚያ ነፋሱ የማንም ነው። ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ያንን የእኔን ነፋስ ብቻዋን ስትጠጣው ታየኝ። በማግስቱ ተመለስኩ።

ገና ደጃፉን ስረግጥ መብራት ጠፋ። ስክሪኗ ጨለመች። ሽማግሌዬ ራሱን ያዘ።

«ወላሂ የጻፍኩት ሁሉ ሄደ! ዲስኩ ላይ ሳላስቀምጠው! ባትሪ እንኳ የላትም።»

ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ። «ተሸክመሻት የትም የምትሄጂ አላልክም? እኔ ቢዮ አዋሌ ደርሼ መጣሁ፤ እሷ ከሶኬቱ አልራቀችም።»

እሱም ሳይወድ ሳቀ። መብራት ሲመጣ ምንጣፌን ጎትቶ ከጠረጴዛዋ አጠገብ አነጠፈልኝና የቬንትሌተሩን አንገት የሚያዞረውን ቁልፍ ተጫነ። አሁን ነፋሱ እኔ ጋ ይመጣል፣ እሷ ጋ ይሄዳል። ጎን ለጎን፣ እንደ ጣውንት። ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጠዋለሁ። እሷ ጋ ሲደርስ ትንሽ የሚቆይ ይመስለኛል።